የሳንባ ምች ሕክምና በድንገተኛ ክፍሎች፤ ከመሣሪያው ጎን መቆም ያለበት ክትትል

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ቤቴል እየተባለ በሚጠራው አካባቢ ሕፃን ልጅ በሌሊት ትንፋሽ ሲያጥረው ወላጆች የሚሄዱበት አያጡም። በአካባቢው የግል ሆስፒታልና ክሊኒኮች አሉ፤ በክፍለ ከተማው የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ተቋቁመዋል፤ በአየር ጤና በኩል ወደ ዘነበወርቅ ያቀና ደግሞ የአለርት ሆስፒታልን ያገኛል። ከሃያና ከሠላሳ ዓመታት በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም። ይሁንና የሕፃኑን በሕይወት የመቆየት ዕድል በአብዛኛው የሚወስነው ከድንገተኛ ክፍል ከደረሰ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀጥለው በሚመጡት ጥቂት ሌሊቶች የሚደረግለት እንክብካቤ ነው። እ.ኤ.አ በ2024 ውጤቱ ይፋ የሆነ አንድ ጥናት ይህንኑ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች መረጃ አስደግፎ አሳይቷል።

ጥናቱን ያካሄዱት የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት (አህሪ) ባለሙያዎች በባንግላዴሽ ርዕሰ ከተማ ዳካ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የተቅማጥ በሽታዎች ምርምር ማዕከልና ከሌሎች አጋሮች ጋር በመተባበር ነው። ኢንስቲትዩቱ የሚገኘው በዚያው በአለርት ግቢ፣ ከቤቴል ብዙም በማይርቅ ሥፍራ ነው። አካባቢው በ1920ዎቹ ዓ.ም በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በተሠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ይታወቅ የነበረ ሲሆን፣ አለርት እ.ኤ.አ በ1965፣ አህሪ ደግሞ በ1970 ተመሥርተዋል። ኢንስቲትዩቱ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው የኖርዌይ ሐኪም ነው። ለአንድ በሽታ ተብሎ የተቋቋመ ማዕከል ዛሬ የሕፃናትን ትንፋሽ ወደሚመለከት ምርምር መሻገሩ በራሱ ሊጠቀስ የሚገባው ነው።

ጥናቱ ለሐኪሞች ብቻ የቀረበ አይደለም። በጀት ለሚመድቡ፣ መሣሪያ ለሚገዙ፣ የአፈጻጸም መለኪያ ለሚያወጡና ሪፖርት ለሚቀበሉ የመንግሥት ኃላፊዎችም አንድ ጥያቄ ያነሳል። ጥያቄው፣ ለአንድ ሆስፒታል የመተንፈሻ ድጋፍ መሣሪያ ማድረስና በዚያ ሆስፒታል የሕፃናትን ሞት መቀነስ አንድ ነገር ናቸው ወይ የሚለው ነው። በኢትዮጵያና በሌላ የአፍሪካ አገር ተመሳሳይ ዘዴ ያስከተላቸው የተለያዩ ውጤቶች እንደሚያመለክቱት፣ አንድ አይደሉም።

የሳንባ ምች በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን በመግደል ቀደምት ሥፍራ ከያዙ በሽታዎች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ በ2019 ብቻ 740 ሺህ ያህል ሕፃናት በዚህ በሽታ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ይህም በዚያው ዓመት ከአምስት ዓመት በታች ከደረሰው ሞት 14 በመቶ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ያስመዘገበችው ለውጥ ቀላል አይደለም። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያከብሩ ይሞቱ ነበር። ቁጥሩ በ2005 ወደ 123፣ በ2011 ወደ 88፣ በ2016 ወደ 67፣ በ2019 ደግሞ ወደ 59 ወርዷል። ለዚህ አስተዋጽኦ ካደረጉት መካከል የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር፣ እ.ኤ.አ በ2007 የተጀመረው ፔንታቫለንት ክትባትና ከጥቅምት 2004 ዓ.ም ጀምሮ መሰጠት የጀመረው የሳንባ ምች መከላከያ ክትባት ይጠቀሳሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በቀበሌ ደረጃ የሳንባ ምችን በአንቲባዮቲክ እንዲያክሙ እ.ኤ.አ ከ2010 ጀምሮ መፈቀዱም፣ መጀመሪያ ላይ ብዙ ክርክር ቢያስነሳም፣ የኋላ ኋላ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ውሳኔ ነበር።

የቀረው ችግር ግን አሁንም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት እንደሚያሳየው የሳንባ ምች ምልክት ከታየባቸው ሕፃናት መካከል ምክር ወይም ሕክምና የተፈለገላቸው ከአስሩ ሦስት ያህሉ ብቻ ናቸው። ለመዘግየቱ ርቀትና ገንዘብ ምክንያት መሆናቸው የታወቀ ነው። በከተማ ግን ሌላም ምክንያት አለ። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ምች ማለት በፀሐይና በላብ የሚመጣ፣ በዳማከሴ የሚሻር ሕመም ነው። የሳንባ ምች የሚለው ስያሜ ከዚህ ቃል ጋር መጋራቱ፣ በሽታው እቤት ውሎ የሚያድር ቀላል ነገር እንዲመስል ሳያደርግ አልቀረም። ሳል፣ ጉንፋንና ብርድ ሲባል የሰነበተ ሕፃን ወደ ጤና ተቋም የሚመጣው ጡት መጥባት ሲያቅተውና ደረቱ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ መሰርጎድ ሲጀምር ይሆናል። በዚህ ደረጃ የደረሰ ሕፃን ጉዳይ በዋናነት የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው።

በድንገተኛ ክፍል የመጀመሪያው ሥራ ልየታ ነው። ሕሙማን እንደ አመጣጣቸው ቅደም ተከተል ሳይሆን እንደ ሕመማቸው ክብደት ይታያሉ ማለት ነው። ከሁለት ወር እስከ አሥራ አንድ ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለ ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ ከሆነ አተነፋፈሱ ፈጣን ነው ይባላል። ይህ ቆጠራ የሚጠይቀው ሰዓትና አንድ ሙሉ ደቂቃ ብቻ ነው። ነገር ግን ሰልፉ በረዘመበት፣ ወላጅ በሚጨነቅበትና የካርድ ክፍል ወረፋ ባላለቀበት ሰዓት ያችን አንድ ደቂቃ ማግኘት የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ሥራ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ማወቅ ነው። የሕፃኑ ከንፈር እስኪጠቁር መጠበቅ አደገኛ ነው፤ ልምድ ያለው ሐኪም እንኳ የኦክስጅን ማነስን በዓይኑ ብቻ ለይቶ ሊያልፈው ይችላል። ፐልስ ኦክሲሜትር የተሰኘው አነስተኛ መሣሪያ በጣት ወይም በእግር ጣት ላይ ተደርጎ በብርሃን አማካይነት መጠኑን በመቶኛ ያሳያል። ከ90 በመቶ በታች የሆነ ሕፃን ኦክስጅን ሊሰጠው ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር ለሚበልጡ ሥፍራዎች ይህን ወሰን ወደ 87 በመቶ ዝቅ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ቤቴልን ጨምሮ በምዕራባዊ የከተማዋ ክፍል የሚኖር ጤነኛ ሕፃን እንኳ በቆላ ከሚኖረው ያነሰ መጠን ቢያሳይ አያስገርምም። በመሆኑም ሲታመም የሚቀረው መጠባበቂያ ጠባብ ነው።

መሣሪያው የራሱ ጉድለት አለው። እጅ ሲቀዘቅዝ፣ ሕፃኑ ሲንፈራገጥ ወይም የጣት መያዣው ሲያረጅ የሚሰጠው ቁጥር የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ በ2020 በአሜሪካ በአዋቂዎች ላይ ተካሂዶ የታተመ ጥናት፣ መሣሪያው ቆዳቸው ጥቁር በሆነ ታካሚዎች ላይ የኦክስጅን መጠኑን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማሳየት ዝንባሌ እንዳለው አረጋግጧል። ለአፍሪካ ሆስፒታሎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። 91 ወይም 92 የሚል ቁጥር ያየ ተረኛ ባለሙያ ሕፃኑን ወደ ቤት ከመመለሱ በፊት ደረቱንና አተነፋፈሱን ደግሞ ማየት እንዳለበት ያስገነዝባል።

ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሕፃን ሲገኝ በአብዛኞቹ ሆስፒታሎች የሚሰጠው ከሲሊንደር ወይም ከኮንሰንትሬተር በቀጭን የአፍንጫ ቱቦ በዝቅተኛ ፍጥነት የሚፈስ ኦክስጅን ነው። ለብዙዎች ይህ ይበቃል። ሳንባቸው በተቆጣና የአየር ከረጢቶቻቸው በየትንፋሹ መጨረሻ እየተጣበቁ ለሚቸገሩ ሕፃናት ግን ኦክስጅን ብቻውን በቂ አይሆንም፤ ከረጢቶቹ ተከፍተው እንዲቆዩ መጠነኛ ግፊት ያስፈልጋል። በበለጸጉ አገሮች ይህን የሚያደርገው ውድ መሣሪያ ነው። ባብል ሲፓፕ የተባለው ዘዴ ግን ተመሳሳዩን ሥራ በውሃ ይሠራል። ሕፃኑ የሚያስወጣው አየር የሚያልፍበት ቱቦ ጫፍ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ይጠልቃል፤ ቱቦው አምስት ሳንቲ ሜትር ከጠለቀ ግፊቱ የአምስት ሳንቲ ሜትር ውሃ ይሆናል። ሕፃኑ ሲተነፍስ ውሃው ይንተከተካል። መንተክተኩ ከቆመ አንድ ቦታ አየር እያመለጠ ወይም ቱቦ ተዘግቷል ማለት ስለሆነ፣ ዘዴው የራሱን ምልክት ይዞ የመጣ ነው ሊባል ይችላል።

ዘዴውን በአነስተኛ ወጪ በዳካ ሥራ ላይ በማዋል የሚታወቁት ዶ/ር መሐመድ ጆባየር ቺሽቲ ናቸው። ዶ/ር ቺሽቲ እ.ኤ.አ በ1996 በሰሜን ምሥራቅ ባንግላዴሽ በተለማማጅ ሐኪምነት ሥራ በጀመሩበት የመጀመሪያ ሌሊት ሦስት ሕፃናት በሳንባ ምች ሲሞቱ ማየታቸውንና ጉዳዩ ከዚያ ወዲህ ከሐሳባቸው እንዳልወጣ ለመገናኛ ብዙኃን ተናግረዋል። ከዓመታት በኋላ በአውስትራሊያ ሜልቦርን መሣሪያውን አይተው ሲመለሱ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን ከተጣለ የሻምፑ ጠርሙስ ሠሩት። እ.ኤ.አ በ2015 በታተመው የዳካ ጥናት 225 ሕፃናት በሦስት ምድብ ተከፍለው ታክመዋል። በባብል ሲፓፕ ከታከሙት 79 ሕፃናት ሦስቱ ሲሞቱ፣ በተለመደው ዝቅተኛ ፍሰት ኦክስጅን ከታከሙት 67 ሕፃናት የሞቱት 10 ነበሩ።

ይህ ውጤት ብዙዎችን ቢያስደስትም አንድ ጥርጣሬ አስከትሏል። የዳካው ሆስፒታል በምርምር ማዕከል የሚተዳደር፣ ሐኪም የማይለየው ተቋም ነው። በተራ ሆስፒታል ተመሳሳይ ውጤት ይገኛል ወይ? የኢትዮጵያው ጥናት የተነሳው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

ጥናቱ 12 አጠቃላይ ሆስፒታሎችን ያካተተ ሲሆን፣ ስድስቱ ከባድ የሳንባ ምችና የኦክስጅን ማነስ ላለባቸው ሕፃናት ባብል ሲፓፕን፣ ስድስቱ የተለመደውን ዝቅተኛ ፍሰት ኦክስጅን እንዲጠቀሙ በዕጣ ተመድበዋል። ከሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም እስከ ሐምሌ 20 ቀን 2014 ዓ.ም ባለው ጊዜ ከአንድ ወር እስከ 59 ወር የሆናቸው 1 ሺህ 240 ሕፃናት በጥናቱ የተካተቱ ሲሆን፣ በየምድቡ 620 ነበሩ። በባብል ሲፓፕ ከታከሙት መካከል አምስት፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት መካከል ደግሞ 21 ሕፃናት ሞተዋል። ሕክምናው ሳይሳካላቸው የቀሩት በመጀመሪያው ምድብ ስድስት፣ በሁለተኛው 42 ናቸው። በቀላል ስሌት ሲታይ፣ በአዲሱ ዘዴ ከሚታከሙ 39 ያህል ሕፃናት መካከል በሌላኛው መንገድ ቢታከም ኖሮ ይሞት የነበረ አንድ ሕፃን ይተርፋል ማለት ነው። በጤናው ዘርፍ ከሚደረጉ ጣልቃ ገብነቶች መካከል በዚህ ወጪ ይህን ያህል ውጤት የሚሰጡት ጥቂት ናቸው።

ውጤቱን የሰማ የግዥ ኃላፊ የመጀመሪያ ሐሳቡ መሣሪያውን በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ማዳረስ ቢሆን አይፈረድበትም። የማላዊ ተሞክሮ ግን ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል።

በማላዊ ሳሊማ ወረዳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ ከ2015 እስከ 2018 በተካሄደ ተመሳሳይ ጥናት 644 ሕፃናት ተሳትፈዋል። ሕፃናቱ ከከባድ የሳንባ ምች በተጨማሪ ከኤች አይ ቪ ጋር የተያያዘ ችግር፣ ከባድ የምግብ እጥረት ወይም የኦክስጅን ማነስ የነበረባቸው ናቸው። በባብል ሲፓፕ ከታከሙት 321 ሕፃናት 53ቱ ሞቱ። በተለመደው ኦክስጅን ከታከሙት 323 ሕፃናት ደግሞ የሞቱት 35 ነበሩ። ይድናሉ የተባሉት በብዛት ሞተዋል። ጥናቱ ሊያስገኝ የታሰበውን ጥቅም እንደማያስገኝ በመታመኑ ከታቀደው ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደርጓል። ሕክምናው የተሰጠው ሐኪም በየዕለቱ በማይቆጣጠረው የሕፃናት መኝታ ክፍል ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹም ዘዴው ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ውጪ ለተወሰኑ ታካሚዎች ቀደም ሲል ያልታወቀ አደጋ ሊያስከትል እንደሚችል አስጠንቅቀዋል።

ሁለቱን ጥናቶች ማነጻጸር ጥንቃቄ ይጠይቃል። በማላዊ በተለመደው ኦክስጅን ከታከሙት ከመቶ 11 ያህሉ ሲሞቱ በኢትዮጵያ በተመሳሳይ ምድብ የሞቱት ከመቶ 3 ነጥብ 4 ናቸው። ይህም የማላዊዎቹ ሕፃናት ከመነሻው ይበልጥ የደከሙ እንደነበሩ ያሳያል። ልዩነቱ ሁሉ ከሐኪም መኖርና አለመኖር የመጣ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። በጋና በሁለት ሆስፒታሎች ከ2 ሺህ 200 በላይ ሕፃናት የተካተቱበትና እ.ኤ.አ በ2017 የታተመ ጥናትም በአጠቃላይ የሞት ልዩነት አላሳየም፤ ጥቅሙ የታየው ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች በሆኑት ላይ ነበር። ያም ሆኖ ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው መልእክት ተመሳሳይ አቅጣጫ አለው። ለማን እንደሚሰጥ ካልተለየና ማን እንደሚከታተለው ካልታወቀ፣ የሚያድነው መሣሪያ ራሱ የአደጋ ምንጭ ሊሆን ይችላል።

ክትትል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር ማየቱ ጠቃሚ ነው፤ በሪፖርቶች ላይ ቃሉ በብዛት ስለሚነሳ ትርጉሙ እየሳሳ መጥቷልና። ግፊት የሚሰጠው ሕፃን ሆዱ በአየር ሊነፋ ይችላል። የተነፋ ሆድ ድያፍራሙን እየገፋ ትንፋሽን ያጠብባል፤ ትውከት ያስከትላል፤ ትውከቱ ወደ ሳንባ ከገባ የዳነ የመሰለው ሕፃን በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለሆነም ሆዱን በቱቦ ማስተንፈስ፣ ምግብ በአፍ መስጠትን ለጊዜው ማቆም፣ እናቱም ለምን ጡት እንዳትሰጥ እንደተነገራት በሚገባት ቋንቋ ማስረዳት ያስፈልጋል። የውሃው መጠን ሲቀንስ ግፊቱ ይቀንሳል፤ የአፍንጫው ቱቦ ሲጠብቅ ቆዳ ያቆስላል፤ ሲላላ አየር ያመልጣል፤ በንፍጥ ሲደፈን ደግሞ ኦክስጅኑ አይደርስም። መብራት ሲጠፋ ኮንሰንትሬተሩ ይቆማል፤ የተሞላ ሲሊንደር በአጠገቡ ከሌለ ሕፃኑ ያለ ድጋፍ ይቀራል። እነዚህን ሁሉ በየጊዜው የሚያይ፣ ያየውንም በሰዓት በሰዓቱ የሚመዘግብ ሰው መኖር አለበት። ቀን ላይ ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ አለ። ፈተናው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ተረኛ ነርስ ለበርካታ አልጋዎች ብቻዋን ስትሆን ነው።

ለዚህ ነው የታካሚዎች ደህንነት ጉዳይ ከግዥ ጉዳይ ተነጥሎ መታየት የሌለበት። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ በ2019 መስከረም ወር በገባ በ17ኛው ቀን (እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር) የታካሚዎች ደህንነት ቀን እንዲከበር መወሰናቸው ይታወሳል። ቀኑ በየዓመቱ ሲከበር የሚነገረው በአብዛኛው ስለ ቀዶ ሕክምናና ስለ መድኃኒት ስህተት ነው። ትንፋሽ አጥሮት የመጣ ሕፃን ሳይለይ ወረፋ ላይ የቆየበት ግማሽ ሰዓትም የደህንነት ጉድለት ነው፤ ማንም መርፌ አሳስቶ ባይወጋውም።

የአፈጻጸም መለኪያ በማውጣት ረገድ ከአሜሪካ የሚቀሰም ትምህርት አለ። በዚያ አገር እ.ኤ.አ በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በሳንባ ምች ሆስፒታል ገብተው፣ ቀድሞ አንቲባዮቲክ ያልወሰዱ ከ13 ሺህ 700 በላይ አረጋውያንን ሰነድ መረመረ። መድኃኒቱን በደረሱ በአራት ሰዓት ውስጥ ካገኙት በሆስፒታል የሞቱት 6 ነጥብ 8 በመቶ፣ ከዚያ ዘግይተው ካገኙት ደግሞ 7 ነጥብ 4 በመቶ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ቢሆንም የአራት ሰዓት ገደብ የሆስፒታሎች ጥራት መመዘኛ ሆኖ ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ መደረግ ጀመረ። የድንገተኛ ክፍሎች ምላሽ ግልጽ ነበር። ገደቡ እንዳያልፍባቸው ሲሉ ምርመራ ሳይጠናቀቅ፣ አንዳንዴም ሳል ያለበትን ሰው ሁሉ እንደ ሳንባ ምች ታማሚ በመቁጠር አንቲባዮቲክ መስጠት ያዙ። ቀጥለው የወጡ ጥናቶች በድንገተኛ ክፍል ሳንባ ምች ተብለው ከተመዘገቡት መካከል በኋላ ሌላ ሕመም ሆኖ የተገኘባቸው መብዛታቸውን አሳዩ። የአገሪቱ የሙያ ማኅበራት እ.ኤ.አ በ2007 ባወጡት መመሪያ የሰዓት ገደቡን ትተው የመጀመሪያው መድኃኒት ታካሚው በድንገተኛ ክፍል እያለ እንዲሰጠው ብቻ አሳሰቡ። መመዘኛው መጀመሪያ ወደ ስድስት ሰዓት ተራዘመ፤ ውሎ አድሮም ተሰረዘ።

የሚቆጠረው ነገር ሥራውን እንደሚቀርጸው የመንግሥት ሠራተኛ ከማንም በላይ ያውቃል። በኢትዮጵያ ሁኔታ እንዲህ ያለው ጥድፊያ ከአሜሪካው የባሰ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። አገሪቱ የቲቢ ሥርጭት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች አንዷ ናት። ከሁለት ሳምንት በላይ ሲያስል ቆይቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣ አዋቂ የሳንባ ምች ተብሎ በአንቲባዮቲክ ቢሸኝ፣ በተለይም ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሰለ መድኃኒት ቢታዘዝለት፣ ለጊዜው ሻል ያለው ይመስለዋል። ይህ ቡድን የቲቢን ባክቴሪያ በከፊል የማዳከም ባሕርይ ስላለው ትክክለኛው ምርመራ ይዘገያል፤ ታማሚውም እስከዚያ ድረስ በቤቱና በታክሲው ውስጥ በሽታውን ያስተላልፋል። መፍጠን ያለበት ልየታውና ኦክስጅኑ ነው፤ ምርመራው ግን ጊዜውን ማግኘት አለበት።

በአገር ውስጥ መሠረቱ የተጣለባቸው ሥራዎች መኖራቸውን መጥቀስ ተገቢ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በ2003 ዓ.ም ተጀምሯል። ጤና ሚኒስቴር የሕክምና ኦክስጅንና የፐልስ ኦክሲሜትር አቅርቦትን ለማስፋፋት እ.ኤ.አ ከ2016 ጀምሮ የሚተገበር አገር አቀፍ ፍኖተ ካርታ አውጥቷል፤ በወቅቱ እንዲህ ያለ ሰነድ የነበራቸው አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከአራት ዓመታት በኋላ የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ሲከሰትና የሚሌኒየም አዳራሽ ሳይቀር ወደ ሕክምና ማዕከልነት ሲለወጥ፣ ኦክስጅን የቅንጦት ዕቃ አለመሆኑን ለማስረዳት ተጨማሪ ክርክር አላስፈለገም። ወረርሽኙ የተወው መሣሪያ አሁን ለሕፃናትም ሊያገለግል ይችላል፤ ለአዋቂ የተሠራ የጣት መያዣ ግን ለጨቅላ ጣት አይሆንም። በግዥ ዝርዝር ላይ አንድ መስመር የምትይዘው የሕፃናት መያዣ ስትጎድል፣ ሙሉው መሣሪያ ለዚያ ሕፃን ጥቅም አይሰጥም።

እንደ ቤቴል ባሉ አካባቢዎች ጎልቶ የሚታየው ሌላው ክፍተት በተቋማት መካከል ያለው መንገድ ነው። ጤና ጣቢያ የደረሰ ከባድ ሕመምተኛ ሕፃን የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ተሰጥቶት በአስቸኳይ ሪፈር እንዲባል መመሪያው ያዛል። መድኃኒቱ ይሰጣል፤ ወረቀቱም ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ በእናቱ እቅፍ በታክሲ የሚጓዝ ከሆነ፣ በአየር ጤና ወይም በጦር ኃይሎች መንገድ መጨናነቅ ውስጥ የሚያሳልፈው ጊዜ ያለ ኦክስጅን የሚያልፍ ጊዜ ነው። ተቀባዩ ሆስፒታል አስቀድሞ ካልተነገረው ደግሞ ሕፃኑ እንደ አዲስ ተራ ይይዛል፤ በጤና ጣቢያ የተወሰደው መድኃኒት በወረቀቱ ላይ በግልጽ ካልሰፈረም ይደገማል ወይም ይዘለላል። ከግል ክሊኒክ ወደ መንግሥት ሆስፒታል የሚላኩትን በተመለከተ ችግሩ ይበልጥ ይጎላል፤ የሁለቱ መዝገብ አይገናኝምና። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው አንድ የስልክ ጥሪና የመጨረሻው የኦክስጅን መጠን ከነሰዓቱ የተጻፈበት የሪፈር ወረቀት ነው። ለዚህ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።

የክፍለ ከተማና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ከየተቋሙ የሚቀበሉት ሪፖርት ስንት ሕፃናት በሳንባ ምች እንደታከሙ ይነግራል። ከእነዚህ ውስጥ ለስንቱ ኦክስጅን እንደተለካ፣ ዝቅ ብሎ ከተገኘባቸው ለስንቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደተሰጠ፣ ሌሊት ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደታዩና በገቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ስንቱ እንደሞቱ ቢታከልበት ግን የአንድ ድንገተኛ ክፍል ደህንነት ከሞላ ጎደል ይታያል። አራቱም ቁጥሮች ከታካሚው ካርድ የሚገኙ ናቸው፤ ካርዱ በአግባቡ ከተሞላ። የመጨረሻው ቁጥር በተለይ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል። ከፍ ብሎ ሲገኝ ተቋሙን ለመውቀስ የሚውል ከሆነ፣ በጠና የታመሙትን ወደ ሌላ ቦታ መላክ ቁጥሩን ለማሳመር ቀላሉ መንገድ ይሆናል።

የኢትዮጵያው ጥናት አዘጋጆች ራሳቸው፣ አደጋው ከፍ ባለባቸው ሁኔታዎች ዘዴው እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል ተጨማሪ የአተገባበር ምርምር እንደሚያስፈልግ አመልክተዋል። ጥናቱ የተካሄደው በአጠቃላይ ሆስፒታሎች በመሆኑ፣ ውጤቱ በቀጥታ ለመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎችና ለጤና ጣቢያዎች ይሠራል ማለት አይደለም። ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት በሚበዙባቸው አካባቢዎች ደግሞ የማላዊው ውጤት ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ስለሆነም ዘዴውን ለማስፋፋት በሚቀርብ ዕቅድ ላይ ከጠርሙሱና ከቱቦው ዋጋ ጎን ለጎን ሌሎች ወጪዎችም መስፈር አለባቸው። የሌሊት ተረኛ ነርሶች ቁጥር፣ ሐኪሙ በየዕለቱ የሚያደርገው ጉብኝት፣ የመጠባበቂያ ሲሊንደርና የነርሶቹ ዓመታዊ የማደሻ ሥልጠና የዚያው ዕቅድ አካል ናቸው። ጠርሙሱ ከሁሉም ርካሹ ነው።